ወለል ተሸክመን ወደ ለቡ

ጉዞውን ከመተረኬ በፊት ተጓዡ ማን እንደሆነ ልናገር፤ አንባቢ ከማን ጋር እንደሚሄድ ማወቅ ይገባዋል። ስሜ ደምሴ ነው። ነፋስ ስልክ ገብታችሁ "ኢንጂነር ደምሴ" ብትሉ ቤቴን የማያሳያችሁ የለም። የምህንድስና ትምህርት ቤት በር ግን ረግጬ አላውቅም። ማንበብ የተማርኩት ወጣት ሳለሁ ከተከራየሁት ክፍል ግድግዳ ላይ ነው። አከራዬ ግድግዳውን በአሮጌ ጋዜጣ ለጥፈውት ነበር፤ ፊደል ስለማያውቁ ግማሹን ገጽ ዘቅዝቀው ነው የለጠፉት። ስለዚህ እኔ ጽሑፍ ቀጥ ብሎም ተዘቅዝቆም አነባለሁ። ይህን የሚችል መምህር እስካሁን አላገኘሁም።

አናጢነትንም ራሴን አስተማርኩ። አንድ ጣሊያን የሠራው ቤት ሲፈርስ የወለሉን ጣውላ በርካሽ ገዛሁና እንዴት እንደተጋጠመ እያየሁ ሦስት ጊዜ ገጥሜ ሦስት ጊዜ አፈረስኩት። በአራተኛው ከጣሊያኑ በልጬ ገጠምኩት። ከዚያ ወዲህ በብስራተ ገብርኤል በኩል ወለል ያነጠፍኩባቸው ቪላዎች ብዙ ናቸው። ቤቶቹ ከአብዮቱ በኋላ ባለቤት ቀይረዋል፤ ወለሉ ግን ዛሬም የደምሴ ወለል ነው የሚባለው። በተለይ ሰም አቀባቤ! እኔ ሰም የቀባሁት ወለል ላይ ጎንበስ ያለ ሰው የገዛ ጥርሱን ይቆጥራል።

የጉዞው ምክንያት የልጅ ልጄ ምሥራቅ ናት። ዩኒቨርሲቲ ገብታ የተማሪዎቹ የዘመናዊ ውዝዋዜ ቡድን አባል ሆነች። አራት ሴቶችና ሦስት ወንዶች ናቸው። ዘመናዊ ውዝዋዜ ምን እንደሆነ ስጠይቃት "አባባ፣ ትከሻ ብቻ ሳይሆን መላ አካል የሚናገርበት ነው" አለችኝ። በባዶ እግራቸው ይዘላሉ፣ ይወድቃሉ፣ ይንከባለላሉ፣ ይነሣሉ። ሁለት ዓመት ሙሉ በሲሚንቶ ላይ ሲለማመዱ የምሥራቅ ቀኝ ጉልበት አበጠ። ሐኪሙም "ከእንግዲህ ጠንካራ ነገር ላይ ከወደቅሽበት ውዝዋዜውን እርሺው" አላት።

በዚህ ላይ ሌላ ነገር መጣ። ቡድኑ ትርኢቱን በዩኒቨርሲቲው አዳራሽ ለማሳየት ፈቃድ ሲጠይቅ፣ ጉዳዩ የሚመለከታቸው ጓድ ካሳ የሚባሉ ሰው "ሰፊው ሕዝብ የማይቀበለው ነገር አዳራሽ አይገባም። መጀመሪያ ለገበሬ አሳዩት። ከወደደው ትቀጥላላችሁ፤ ካልወደደው ቡድኑ ይበተናል" አሉ። ቦታው ከእኛ ሰፈር ማዶ ያለው የለቡ ገበሬ ማኅበር፣ ቀኑ ቅዳሜ፣ ሰዓቱ ከቀኑ ዘጠኝ ሆነ። ምሥራቅ ይህን ስትነግረኝ አላለቀሰችም፤ ጉልበቷን ታሽ ነበር።

"የለቡ ሜዳ ኮረት ነው አሉ፣ አባባ።"

"ወለል ከእኔ!" አልኳት።

ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ 1 ሰዓት፣ ነፋስ ስልክ

ወር ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ሃያ አራት የወለል ሰሌዳ ሠራሁ። እያንዳንዱ አንድ ሜትር ካሬ፣ የጥድ ጣውላ፣ ጎን ለጎን ሲገጠም ምላጭ የማያስገባ። ከዚያም የምታውቁትን የእኔን ሰም ሦስት ጊዜ ቀባሁት። ቡድኑን የሚመራው ዮናስ የሚባል ቀጭን ረጅም ልጅ ነው፤ ግቢዬ ገብቶ ሲያየው አፉን ያዘ።

"ጋሼ ደምሴ፣ ይሄማ የቤተ መንግሥት ነው!"

"ቤተ መንግሥት ጠርተውኝ ቢሆን ኖሮ ይህን የመሰለ ይኖራቸው ነበር" አልኩት። እውነቴን ነው።

መኪናው የጎረቤቴ የይርጋ ኤንትሬ የጭነት መኪና ነው። ናፍጣ በኩፖን በሚታደልበት ጊዜ ይርጋ የሳምንቱን ኩፖን ለእኛ አዋለው። ሥራ ፈትቶ ሊቀመጥ ነው ማለት ነው። "ምሥራቅን አዝዬ አሳድጌያታለሁ" አለኝ። እንዲህ ዓይነት ጎረቤት ስላለኝ እዚህ ላይ አመሰግነዋለሁ፤ ፊት ለፊት ብነግረው ያፍራል። ሰሌዳዎቹን በብርድ ልብስ ጠቅልለን ጫንን። ከመንገድ ዳር አንዱን በአሥር ሳንቲም ቦንቦሊኖ ገዝተን፣ ጣታችንን ስኳር እየላስን ተነሣን። ተማሪዎቹ ከጭነቱ ላይ ይዘፍናሉ፤ እኔ ከሹፌሩ ጎን መንገድ እመራለሁ። ይርጋ መንገዱን ቢያውቀውም መሪ ያስፈልጋል።

ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል፣ ከላፍቶ ወዲያ

አስፋልቱ ካለቀ ቆይቷል። ግራና ቀኙ የታጨደ የጤፍ ማሳ ነው፤ እዚህም እዚያም ባሕር ዛፍ፣ በየቤቱ ጀርባ የጭድ ክምር። አየሩ ደረቅ፣ አቧራው ደግሞ ቅንድብ ላይ ይቀመጣል። ቁልቁለቱን ስንጨርስ ወንዝ አገኘን። ውኃው ጉልበት አይደርስም፤ ድንጋዩ ግን የበሬ ጭንቅላት ያህላል። ይርጋ መኪናውን አቆመ።

"እዚህ አልገባም።"

"ግባ እንጂ፣ እኔ አለሁ።"

"ባሌስትራዬ ቢሰበር መለዋወጫ ከየት ላምጣ? አንተ ትሠራልኛለህ?"

"እሠራልሃለሁ።"

"ከጥድ?" አለና ሞተሩን አጠፋው። ተማሪዎቹ ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም።

ዮናስ ሰሌዳዎቹን በጭንቅላት መሸከም ጀምሮ ነበር፣ ከኋላችን ስድስት ባዶ አህዮች የሚነዱ ሽማግሌ ሲደርሱ። ኦቦ ገመቹ ይባላሉ፤ የለቡ ገበሬ ናቸው። በሌሊት ለጭቃ ቤት የሚሆን ጭድ ወደ ከተማ አድርሰው መመለሳቸው ነው። ቆመው ሰሌዳዎቹን አዩ፤ እኔን አዩ።

"ምንድን ነው ይሄ? በር ነው?"

"ወለል ነው" አልኳቸው።

"ወለል ተሸክማችሁ ነው የምትሄዱት? እኛ ጋ እኮ መሬት አለ!"

ነገሩን ዮናስ ሲያስረዳቸው ብዙ አልጠየቁም። ለአንድ አህያ ግራና ቀኝ አንዳንድ ሰሌዳ፣ በሁለት ምልልስ ሁሉም ተሻግሮ ለቡ እንዲደርስ ስሌቱን ያወጣሁት እኔ ነኝ። ማሰሪያውን ግን ኦቦ ገመቹ ፈትተው እንደገና አሰሩት፤ የእኔ አስተሳሰር ለአህያ አይመችም አሉ። ጠፍራቸው የእሳቸው ነውና ተውኳቸው። ስለ ኪራዩ ስጠይቃቸው "ባዶውን ይሄድ የለ እንዴ አህያው?" ብለው ፊታቸውን አዞሩ።

ከረፋዱ 5 ሰዓት፣ ለቡ

የማኅበሩ ሜዳ ምሥራቅ እንደሰማችው ኮረት ነው። ሃያ አራቱን ሰሌዳ በአንድ ሰዓት ውስጥ ገጠምኩ። ፀሐይዋ ስትመታው ሜዳው መሐል ኩሬ የተኛ መሰለ። ሴቶቹ እንስራቸውን አስቀምጠው መጥተው አዩት። እኔም እጄን ወደ ኋላ አድርጌ ቆምኩ።

ዮናስ ለልምምድ ሮጦ ወጣ። ሁለት እርምጃ እንደሄደ እግሩ ከሥሩ ጠፋና በጀርባው ተዘረረ። አንዷ ልጅ ተከተለችው፤ እሷም በቂጧ ተንሸራታ ከወለሉ ወጣች።

"እግራችሁን አልቦት ነው" አልኳቸው። "ታጠቡ።"

ታጥበው ተመለሱ። የባሰ ሆነ። ምሥራቅ ቀስ ብላ መሐል ደርሳ አንድ ጊዜ ዞረች፤ ቀኝ እግሯ ሸሸና በዚያው በታመመው ጉልበቷ አረፈች። ጉልበቷን በሁለት እጇ ይዛ ተቀመጠች።

አሸዋ ነሰነስኩበት፤ አሸዋው ከሥራቸው እንደ ዶቃ ተንከባለለ። በጆንያ ፈተግሁት፤ ይበልጥ አበራ። ቀትር ካለፈ በኋላ ደግሞ ሰሙ በፀሐይ ይለሰልስ ጀመር፤ ነፋሱ ያመጣውን ገለባ ሁሉ እየያዘ ወለሌ ጢም አበቀለ። አርባ ዓመት ሲመሰገን የኖረ ሰም ነው። አንድ ጎረምሳ ገበሬ "ይሄ ወለል ነው ወይስ የዝንብ ወጥመድ?" ብሎ ጓደኞቹን አሳቀ።

ምሥራቅ አጠገቤ መጥታ ተቀመጠች። "አባባ፣ ወለልህ ቆንጆ ነው" አለችኝ። "ግን ሰው እንዲያየው ነው የተሠራው። ሰው እንዲወድቅበት አይደለም።"

ከሰሙ ላይ አንድ ገለባ በጥፍሬ ነቀልኩ።

ከቀኑ 7 ሰዓት፣ የኦቦ ገመቹ ግቢ

ኦቦ ገመቹ ከዳር ሆነው ሁሉን ሲያዩ ቆይተዋል። መጡና በቁማቸው አናገሩኝ።

"ልጆቹ የሚፈልጉት ምንድን ነው? የማያንሸራትት፣ ጉልበት የማይሰብር?"

"አዎ።"

"ታዲያ ከቤቴ ጀርባ አለ አይደል?"

ወሰዱን። አውድማ ነው። ክብ፣ ሰፊ፣ ሜዳው ተደልድሎ በእበት የተለቀለቀ። ትናንት የተለቀለቀ ነው፤ ሰኞ የመጨረሻው የጤፍ ክምር ሊወቃበት። ክምሩ ዳር ላይ ተቀምጧል።

"ጤፍዎስ?" አላቸው ዮናስ።

"ጤፍ አይቸኩልም። ከተበላሸ እንደገና ይለቀለቃል።"

እኔ በሙያዬ ጎንበስ አልኩ። በጉልበቴ ተንበርክኬ በመዳፌ ደባበስኩት፣ በጣቴ አንኳኳሁት፣ ጉንጬን መሬት አስነክቼ በአንድ ዓይኔ ውኃ ልኩን አየሁ። አንድ ጣት ዝንፍ አይልም። ተረከዜን ሳሳርፍበት ደግሞ ክብደት የሚችል፣ ትንሽ እሺ የሚል ነገር ነው፤ አይንሸራትትም፣ አይቧጥጥም። በላዩ ላይ የመዳፍ ፈለግ አለ፤ ክንድ እስከሚደርስበት ግማሽ ክብ፣ ከጎኑ ሌላ ግማሽ ክብ፣ እስከ ጫፍ ድረስ።

"ማን ነው የሠራው?"

"ሚስቴ ናታ" አሉ ኦቦ ገመቹ። አዴ ጫልቱ ከጓዳ ብቅ አሉ፤ አጠር ያሉ፣ ክንደ ብርቱ ሴት ናቸው። መጀመሪያ ያዩት ፊቴን አይደለም፤ እግሬን ነው።

"ጫማህን!" አሉኝ። "አውድማ ላይ በጫማ አይወጣም። የእህል ቦታ ነው።"

ከቤቴ ውጪ ጫማ የማወልቀው ቤተ ክርስቲያን ብቻ ነው። አወለቅኩ። ወጣቶቹ ግን ቀድሞውኑ ባዶ እግራቸውን ነበሩ፤ አዴ ጫልቱ እግር እግራቸውን አይተው ራሳቸውን ነቀነቁ። "የከተማ ልጆች ናቸው ብለውኝ፣ እነዚህስ ሥርዓት ያውቃሉ" አሉ። ማንም እውነቱን አልነገራቸውም።

ከቀኑ 9 ሰዓት፣ ትርኢቱ

ጓድ ካሳ በላንድሮቨር ደረሱ። ከአውድማው ጠርዝ ላይ ወንበር ቀርቦላቸው ሊቀመጡ ሲራመዱ ኦቦ ገመቹ መንገድ ላይ ቆሙ።

"ጫማ፣ ጓድ።"

"ምን ሆነ ጫማዬ?"

"ይወለቃል።"

"እኔ እኮ ለሥራ ነው የመጣሁት።"

"ጤፉ ማዕረግ አያውቅም፣ ጓድ።"

ጓድ ካሳ ግራ ቀኝ አዩና ጎንበስ ብለው ማሰሪያቸውን ፈቱ። ካልሲያቸው አረንጓዴ ነበር። ማስታወሻ ደብተራቸውን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው ተቀመጡ።

አንዱ ልጅ ከበሮ፣ አንዷ ዋሽንት ይዘው ዳር ቆሙ፤ አምስቱ ወጡ። ገበሬው የጠበቀው ትከሻ ነው፤ ያየው ጀርባ፣ ክርን፣ ጣት ሆነ። መጀመሪያ ሳቁ። ዮናስ እጁን ከራሱ በላይ ሲያርገበግብ ያው ጎረምሳ "ንብ ነደፈው! ጭስ አምጡለት!" ብሎ ጮኸ። ሳቁ እንደ ጎርፍ ወረደ። ጓድ ካሳ አንድ ነገር ጻፉ። እኔ ጽሑፍ ዘቅዝቄ ማንበብ እችላለሁ ብያችኋለሁ፤ ከፊታቸው ቁጢጥ ብዬ አነበብኩት። "ሕዝቡ ይስቃል" ይላል።

ከዚያ ሳቁ ቀነሰ። እግራቸው አውድማውን ሲመታ የሚወጣው ድምፅ ገበሬ የሚያውቀው ድምፅ ነው፤ ደረቅ፣ ወፍራም። ምሥራቅ ብቻዋን ወጣች። ሮጠች፣ ዞረች፣ ወደቀች፤ ጉልበቷ አረፈ፣ ፊቷም አልተለወጠም። ቀጥሎ ያለውን ልምምድ ላይ አይቼዋለሁ፤ መሬት ላይ ተኝታ መላ አካሏ ይንቀጠቀጣል፣ ሌሎቹም አንድ በአንድ አጠገቧ ይወድቃሉ፣ በመጨረሻ በራሳቸው ይነሣሉ። መንቀጥቀጥ ጀመረች።

"ዋቃዮ!" ብሎ አምላክን የሚጠራ ጩኸት ሰማሁ። "ጣላት! ልጅቷን ጣላት! ክብሪት!"

አዴ ጫልቱ ነበሩ። የሚጥል በሽታ መስሏቸው አውድማው ላይ ሮጠው ገቡ። ክብሪት ጭረው ምሥራቅ አፍንጫ ሥር አስጠጉ። ከበሮው ቆመ። ጓድ ካሳ ብዕራቸውን አነሡ። የሁለት ዓመት ልፋት በአንድ የክብሪት እንጨት ሲነድ አየሁ ማለት እችላለሁ።

ምሥራቅ ዓይኗን ገለጠች። ቅርብ ስለነበርኩ ሰምቻለሁ።

"ደህና ነኝ፣ እማማ።"

"ደህና ከሆንሽ ተነሺ!" አሉና ብብቷን ይዘው አነሷት።

ምሥራቅም ተነሣች። ክንዳቸውን ግን አልለቀቀችም። በዚያው ተደግፋ አንድ ጊዜ በቀስታ ዞረች። ዮናስ የምታደርገው የገባው ይመስለኛል፤ ለከበሮው ምልክት ሰጠና ራሱ ተዘረረ። አንዲት ሴት "እኔን!" ብላ ሮጠች፤ አነሣችው። ሌላዋ ልጅ ወደቀች፤ ሌላ ሴት ገባች። ሁሉም ከመግባታቸው በፊት ጠርዙ ላይ ጫማቸውን እያወለቁ ነው። መጨረሻ ላይ የወደቀው ሁሉ ተነሥቶ፣ ያነሣውም አብሮ ቆሞ፣ አውድማው ሞላ። እልልታው ላፍቶ ሳይሰማ አልቀረም።

ጓድ ካሳ ዮናስን ጠሩት። "ይሄ በፕሮግራሙ ላይ የተጻፈ ነው?"

ዮናስ ላቡን ጠረገ። "የሰፊው ሕዝብ ተሳትፎ ነው፣ ጓድ።"

ጓድ ካሳ ወደ አዴ ጫልቱ ዞሩ። "ገባሽ፣ እናቴ? ትርጉሙ?"

"ምን ይገባኛል? ልጅቷ ወደቀች፣ አነሣኋት።"

"ወደድሽው?"

"ወድጄዋለሁ። ግን ቀጭን ናት፤ አብሏት!"

ጓድ ካሳ ሲስቁ ያን ጊዜ አየኋቸው። "በአዳራሹም ልክ እንደዚሁ ይሁን" አሉ። "አንዲት እርምጃ እንዳትለወጥ።"

"እናቶቹስ፣ ጓድ?"

"እናቶቹም ይምጡ።" ደብተራቸውን ዘግተው ጫማቸውን ፍለጋ ሄዱ።

ከምሽቱ 3 ሰዓት፣ ነፋስ ስልክ

አዴ ጫልቱ ጭኮና እርጎ ሳያበሉን አልለቀቁንም፤ የምሥራቅን ድርሻ ሁለት እጥፍ አደረጉት። ኦቦ ገመቹ በዚያው አህዮች ወለሌን እስከ ወንዙ መለሱልኝ። ይርጋ እዚያው ጠብቆናል። የተለቀለቀው አውድማ በሰባት ልጆችና በመንደሩ ሴቶች እግር ተቆርሷል፤ ስለዚያ የተነፈሰ ሰው የለም። ምሥራቅ ወንዙን በራሷ እግር ተሻገረች። ቤት ስንደርስ ጉልበቷን አየሁት፤ አላበጠም።

ጉዞው ያስተማረኝን ሳልሸሽግ ልጻፍ። ወለል የሚመዘነው ሰው ሲያየው አይደለም፤ ሰው ሲወድቅበት ነው። እኔ ይህን ሳላውቅ ብዙ ወለል ሠርቻለሁ።

የፈጸምኳቸውን ደግሞ ለሚመጣው ትውልድ ልመዝግብ።

ሃያ አራት የወለል ሰሌዳ ከነፋስ ስልክ ለቡ አድርሼ አንድም ሳይሰነጠቅ መልሻለሁ። በአገራችን ወለል በአህያ የጫነ ሌላ ሰው ካለ ይቅረብ።

የባለሥልጣን ማስታወሻ ዘቅዝቄ አንብቤያለሁ።

ሰኞ ማለዳ ለቡ ተመልሼ አውድማውን ከአዴ ጫልቱ ጋር እንደገና ለቅልቄያለሁ። ሁለት ጊዜ አፈረሱብኝ፤ በሦስተኛው ተቀበሉኝ።

የገዛ ራሴን ሰም ከሃያ አራቱም ሰሌዳ በዘጠኝ ቀን ፍቄ አንሥቻለሁ። በሕይወቴ ጣውላ ያደበዘዝኩት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

"ይህን ሁሉ ማን አስተማረህ?" ለሚለኝ አርባ ዓመት ሙሉ "ማንም" ስል ኖሬ፣ አሁን "አዴ ጫልቱ፣ ለቡ" እላለሁ።

በመጨረሻም ጫማ የሚወለቅለት ወለል ሠርቻለሁ። በዩኒቨርሲቲው አዳራሽ ምሥራቅ የወደቀችው በዚያ በደበዘዘው ጥዴ ላይ ነው። አዴ ጫልቱ ሊያነሷት ከአራት የለቡ ሴቶች ጋር ሲመጡ ወለሌ ጠርዝ ላይ ቆሙ፤ ጎንበስ አሉ፣ ጫማቸውን አውልቀው ጎን ለጎን አስቀመጡ፣ ከዚያ ገቡ። የቪላዎቹ ሰዎችም ያወልቁ ነበር፤ ሰሙ እንዳይቆሽሽ ብለው። እሳቸው ሲያወልቁ ግን ሰም አልነበረውም።